የኢንጂነር ሀፊዝ ሚዛን

ኢንጂነር ሀፊዝ ገራዶ ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። በሻይ ብርጭቆው ውስጥ አእምሮ የሚያስተው፣ ሲበዛም የሚገድለው የአስተናግር ፍሬ ዝቃጭ ነበር። ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ፤ «ራሱን ገደለ።»

እናቱ እማማ ሐዋ የመጣችውን መርማሪ ቀና ብለው አዩዋት።

«የሰፈራችን ሸህ ራሱን ላጠፋ አልሰግድም አሉ። ልጄን ሳይሰገድበት አፈር አላለብሰውም።»

«ጥቂት ይታገሱኝ፣ እማማ» አለች ኢንስፔክተር ከይሪያ።

ሀፊዝ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን መሐንዲስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ታናሽ ወንድሙ እንቅልፍ ሲያጣ ሥራውን ተወ፤ ፈቃድ አውጥቶ አእምሮ የሚለውጡ ዕፅዋትን ማጥናት ያዘ። በራሱ ላይ ይሞክራል፤ ግን ግድግዳው ላይ «ሳይመዘን አይቀመስም» ብሎ ለጥፏል።

ከይሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሚዛን ከሶኬት ነቀለችው፤ ጠፋ። መልሳ ሰካችው፤ በራ።

ያን ቀን ግቢውን የረገጡት ሦስት ናቸው። ሚስቱ ፊርደውስ ከማለዳ ፒያሳ ነበረች።

«ትጣሉ ነበር?» አለቻት ከይሪያ።

«ቤቱን ቅጠል በቅጠል ሲያደርገው እንዴት አልጣላ? ግን ወላሂ፣ የእሱን ሞት አልመኝም።»

ረዳቱ ሂሻም ዓይኑን እየጠራረገ መጣ። «አራት ሰዓት ላይ መዝኖ ጠጣው። ቁጥሩን በዓይኔ አየሁ። ይብቃህ ብለው አልሰማኝም፤ ተናድጄ ኮምቦልቻ ወረድኩ።»

ዕፅዋቱን ከኩታበር የሚያመጡት መሪጌታ አግማስ ጆንያ ተሸክመው ቀረቡ።

«አስተናግሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ጧት ሰጥቼው እዚሁ ገራዶ ወፍጮ ቤት ተገትሬ ዋልኩ።»

ከይሪያ ጆንያውን ዳበሰች። «ስንዴው ጥሬውን ነው፣ መሪጌታ።»

«በምን ይፈጭ ልጄ? መብራቱ ከሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ የለ። በጥርሴ ልፍጨው?»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም፣ ሸሁንም ጭምር፣ ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሟቹ ሳይመዝን አይቀምስም። ሚዛኑ ያለ መብራት አይሠራም። ገራዶ ደግሞ ከሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ መብራት አልነበረም። ታዲያ ሂሻም፣ አራት ሰዓት ላይ ያየኸው ቁጥር ከየት በራ?»

ሂሻም ዓይኑን ወደ ግቢው በር ወረወረ።

«ራሱ ጠጣው እንዲባል መመዘን አለበት፤ ያንን ታውቃለህ። ሚዛኑ መብራት እንደሚፈልግ ግን አልታሰበህም፤ አንተ መዝነህ አታውቅማ።» የሟቹን ደብተር ገለጠች። «የረቡዕ ጽሑፉ ይኸው፤ ‹ሂሻም ኮምቦልቻ ላይ ለታመመች ልጅ አስተናግር ሳይመዝን ሰጥቷል። እስካሁን ራሷን አላወቀችም። ነገ አነጋግሬው ለፖሊስ አመለክታለሁ።› ጧት ሲያነጋግርህ ሻዩ ውስጥ ጨመርክበት።»

«ተው ብዬ ለምኜው ነበር» አለ ሂሻም መሬት መሬት እያየ። «እስር ቤት ሊከተኝ ነበር።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ሸሁ እማማ ሐዋን ማየት አልቻሉም፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው «ውሃ አምጡ፤ ይታጠብ። እኔው አሰግዳለሁ» አሉ።

ጎረምሶቹ ቃሬዛውን ሲያነሱ እማማ ሐዋ ከኋላ ተከተሉ።

«ቀስ አርጋችሁ ያዙት» አሉ። «ልጄ ጥንቁቅ ነው።»