በልክ የተቆረጠ ጨርቅ

ውሃው ወደ ታች በመውረድ ፋንታ ወደ ላይ መጣ።

«ኧረ በስማም!» ብላ ልጅቷ ወደ ኋላ ዘለለች። መጀመሪያ አልወርድ ሲላት የውሃ መልቀቂያውን ደግማ ተጫነችው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ይኸው ነው። ሽንት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላና ወለሉ ላይ ገንፍሎ ካልሲዋን አራሰው።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ታናሽ ወንድሟ ከበሩ ውጪ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«አንተ ነህ ማን አለህ? ይልቅ መወልወያውን አምጣ!»

አንድ ቦታ አርፎ ስለማይቀመጥ ቤት ውስጥ ፌንጣ ይሉታል። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በሦስት ዓመቱ የእናቱን ጫማ እዚሁ ሽንት ቤት ውስጥ ከትቶ ነበርና ስሙ እንደጠፋ ቀረ። በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ሲዘጋ፣ ቧንቧ ሠራተኛው በረጅም ሽቦ ጎርጉሮ ገፋውና «ጨርቅ ነገር ነው፤ ልጆቹን ተቆጪ» ብሎ ሄደ። እናቱም ከሱ ሌላ ማንንም አልጠረጠረችም። በመጀመሪያው ተቆጣችው፣ በሁለተኛው ኳሱን ቆለፈችበት። «ሦስተኛ ከተዘጋ ከሰፈሩ ቡድን ትወጣለህ» ብላዋለች፤ እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው። ለፌንጣ ከቡድኑ መውጣት ማለት ከሰው ተራ መውጣት ማለት ነው።

ዛሬ ሦስተኛው ነው። እናታቸው ከሥራ እስክትመለስ ሁለት ሰዓት ቀርቷል።

ልጅቷ ቧንቧ ሠራተኛው ጋ ደወለች። «ሩቅ ነኝ» አላት። «ስሚኝ፣ መጀመሪያ ከጀርባው ያለችውን የውሃ ቁልፍ ዝጊ። የሞላውን ውሃ በጣሳ ቅጂ። ከዚያ ባለ እጀታውን ጎማ ቀዳዳው ላይ በደንብ ግጠሚና ቀስ ብለሽ ግፊ፣ በኃይል ሳቢ። የሚያወጣው መግፋቱ አይደለም፣ መሳቡ ነው።»

የእናቷን ቢጫ ጓንት አጠለቀች። በጣሳ እየቀዳች ባልዲ ሞላች። ሽታው አያድርስ ነው! ጎማውን ገጥማ ሳበች፣ ሳበች። ክንዷ ዛለ፣ ውሃው ፊቷ ላይ ተረጨ። ምንም የለም። መጨረሻ ላይ የልብስ መስቀያ ሽቦ ቀጥ አድርጋ ጫፉን እንደ መንጠቆ አጎበጠችውና ወደ ውስጥ ላከችው። አንድ ነገር ያዘላት። ጎተተችው።

ባለ መስመር ጨርቅ ነው። አራት ጣት የሚሆን ስፋት አለው። ከኋላው ሌላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ፤ ሁሉም እኩል ናቸው። ጠርዛቸው ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ተቆርጧል።

ፌንጣ ወረቀት እንኳ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ አያውቅም። እንዲህ የሚቆርጥ መቀስ ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም አብረዋቸው ከሚኖሩት አያቷ ከአባባ በቀር ማንም አይነካውም። አርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጨርቁም የሳቸው የሌሊት ሱሪ ነው። ሽታው የምን እንደሆነ አሁን ገባት። ሽንት አምልጧቸዋል። እንዳይታይባቸው በልክ በልክ ቆርጠው ለቀቁት፤ ጨርቅ ሲጠብ መንገድ የሚያገኝ መስሏቸው ነው።

ለምን እንደደበቁም ታውቃለች። ባለፈው ወር እናቷ አጎቷን በስልክ ስታወራ ሰምታ ነበር። «ሙሉ ቀን የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ነው የምውለው። አባዬ ራሱን መቆጣጠር ያቃተው ቀን እኔ አልችልም፣ መጥተህ ውሰደው።» ያን ጊዜ የአባባ ክፍል በር ክፍት ነበር። ከዚያ በፊት አንዴ አጎቷ ጋ ሦስት ወር ኖረው ሲመለሱ ግማሽ ሰው ሆነው ነበር የመጡት።

አሳዘኗት። ወዲያው ደግሞ ተናደደች። ፌንጣ ኳሱ ተቆልፎበት ሲንሰቀሰቅ አባባ እዚያው ሳሎን ቁጭ ብለው ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ጨርቆቹን ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከታ ሳትጨርስ የውጪው በር ተከፈተ። እናቷ ቀድማ መጣች። እርጥቡን ወለል አየች።

«ደግሞ ተዘጋ? ፌንጣ!»

«እውነቴን ነው እማዬ፣ እኔ አይደለሁም!»

«ማነው ታዲያ፣ ጂኒ ነው? አሁኑኑ አሰልጣኝህ ጋ እደውላለሁ!»

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ልጅቷ ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ አየች። የአባባ በር ገርበብ ብሏል፤ ከሥሩ የነጠላ ጫማቸው ጫፍ ይታያል። ጠበቀች። ይወጣሉ፣ አሁን ይወጣሉ ብላ ጠበቀች። ጫማው አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የኔ ሞዴስ ነው። ቆሻሻ ውስጥ መጣል አፍሬ...» ፊቷ ነደደ። ወንድሟ ፊት ይህን ማለት! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም።»

እናቷ ስልኳን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። «ማፈርሽስ እሺ። ወንድምሽ ባልሠራው ሲቀጣ ግን ቁጭ ብለሽ አየሽ? ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?»

እናቷ ቁምሳጥኑን ከፍታ ኳሱን ለልጁ ሰጠችው። ፌንጣ ኳሱን አቅፎ እህቱን ሳያያት አለፈ። ሁልጊዜ ከእናቱ ቁጣ የሚሸሸው እሷ ጀርባ ነበር።

ወለሉን ወልውላ ስትጨርስ እጇን ሁለቴ በሳሙና ታጠበችና አባባ ክፍል ገባች። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ።

«አባባ፣ ሁለተኛ እንዳይቆርጡት። እንዳለ ይስጡኝ፤ እኔ አጥበዋለሁ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ። «ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ የኔ እናት።»

«ለእማዬ አልነግርም። ፌንጣን ግን እርስዎ ይንገሩት። እህቴ ክፉ ናት እያለ እንዲያድግ አልፈልግም።»

ወደ በሩ ዞራ ስትራመድ ከኋላዋ አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። ዞር ስትል በአንድ እጃቸው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ወንድምሽ የት ነው?»

«ደጅ ነው፣ ኳስ ይዞ። ነገም ይሆናል፣ አባባ።»

«ነገ አልደፍርም» አሉ።

ክንዷን ሰጠቻቸው።