ጁምዓ ቀን የተቀረቀረው የጋዝ ክፍል

ወላሂ የሆነ ነገር ነው። የማያምን እዚሁ ላይ ያቁም፣ አልቀየመውም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ "ጫቱ በዝቶበት ነው" ብዬ አልፈው ነበር።

ከሚሴ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ ያለ ሰፈር። ቀኑ ጁምዓ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው የምላችሁ።

ፊርደውስ እባላለሁ። ሥራዬ ለምግብ ቤትና ለሆቴል የጋዝ መስመር መግጠም ነው። ፈቃድ አለኝ። "ሴት ልጅ ጋዝ ትገጥማለች?" ለምትሉ፣ ትገጥማለች፤ ልመዱት።

ጋሼ አብዱልጀባር ምግብ ቤት ሊከፍቱ ሽር ጉድ እያሉ ነበር። ጋዙን ፈቃድ የሌለው ሰው ገጥሞላቸዋል። "ትንሽ ይሸታል፣ መጥተሽ እዪልኝ" ብለው ደወሉልኝ።

ስደርስ፣ "ኮቱ ኮቱ! ነይ ግቢ እንጂ ልጄ!" ብለው ተቀበሉኝ።

ሲሊንደሮቹ ያሉበትን ሳይ ግን ደሜ ፈላ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት የማሽላ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ! መስኮት የለውም። ወደ ጓሮው መንገድ የሚከፈት አንድ የብረት በር ብቻ። ሌባ ፈርተው ነው አሉ። ቱቦውን ደግሞ ያ ገጣሚ ተብዬ በሳይክል ጎማ ቁራጭ ጠፍሮታል።

"ጋሼ፣ ይሄ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። ሲያፈስ እንደ ውሃ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ከተጠራቀመ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። አንቱንም ቤቱንም ጠራርጎ ነው የሚሄደው።"

"አላህ ይጠብቃል።"

"አላህማ ይጠብቃል። ግን መጀመሪያ ግመልህን እሰር፣ ከዚያ በአላህ ተመካ ተብሏልኮ!"

የሥራችን ደንብ ግልጽ ነው። አደጋ ካየሁ ጋዙን ዘግቼ ቀይ ማስጠንቀቂያ አንጠለጥላለሁ፤ ባለቤቱ "ተነግሮኛል" ብሎ ይፈርማል። ካልፈረመ፣ ነገ ቤቱ ሲነድ የሚጠየቀው መጨረሻ የነካው ሰው ነው። እኔ ማለት ነው።

ጋሼ አልፈርምም አሉ። "ወንጀለኛ ልታደርጊኝ ነው እንዴ?" ብለው ተቆጡ። ወዲያው አዛን ሲሰማ "ከጁምዓ መልስ እንነጋገራለን" ብለው ወጡ። ባለቤታቸው ሙሚናም "እናቴን አይቼ መጣሁ" ብላኝ ሄደች።

ሳላስፈርም መንካት አልነበረብኝም። ግን እየፈሰሰ ጥዬው ልሂድ? አንጀቴ አልቻለም። ጋዝ ያለበት ቦታ ስልክ ይዞ አይገባምና ስልኬን ከነቦርሳዬ ውጭ አስቀመጥኩ። በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ወረድኩ።

አንድ ነገር ግን ዘንግቼ ነበር።

በእኛ ሰፈር ጁምዓ ሲደርስ ክፍት የቀረ በር ካለ፣ ወደ መስጊድ የሚያልፍ ሰው ይቀረቅርልሃል። ማንንም አይጠይቅም። ባለቤቱ ረስቶት ነው ብሎ ነው፤ አማና ነው፣ የጎረቤት አደራ።

ጓ!

ከዚያ የመቀርቀሪያው ድምፅ... ከዚያ ጨለማ።

"ኧረ ሰው አለ! ክፈቱልኝ!"

ችኩል የእግር ኮቴ ራቀ። የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ጩኸቴን ዋጠው።

የብረት መፍቻዬ እጄ ላይ ነው። በሩን ብመታበት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር... ግን ብረት በብረት ብልጭታ ነው። መፍቻውን ቀስ ብዬ የማሽላው ጆንያ ላይ አስተኛሁትና በመዳፌ ብቻ መታሁ።

ማንም አልመጣም።

ስስስስስ...

በዳበሳ ሄጄ ሁለቱንም ሲሊንደር ዘጋሁ። ድምፁ አልቆመም።

መዝጊያው ቫልቭ ራሱ ተበላሽቷል ብዬ ጆንያዎቹ ላይ ወጣሁ፤ ጋዙ ታች ነው የሚተኛው። ቆየት ብሎ ሽታው ጠፋኝ። ይሄ ነው የሚያስፈራው። አፍንጫ ይለምደዋል እንጂ ጋዙ የትም አልሄደም።

ስስስስስ...

ዝም አለ።

ደግሞ ጀመረ። ስስስስስ... ዝም። ስስስስስ... ዝም።

ጋዝ ትንፋሽ አይወስድማ!

"ፊርዱ..."

"ሙሚና? አልሐምዱሊላህ! ክፈቺልኝ!"

"ጨለመብሽ?"

"አዎ፣ ክፈቺ እንጂ!"

"አብሽሪ... ክብሪት አለኝ።"

ከጆንያው ላይ ብድግ አልኩ።

"እንዳትጭሪ! ጋዝ ነው! በአላህ እንዳትጭሪ!"

"ትንሽዬ ናት... ላብራልሽ።"

ሻክ... ሻክ... ክብሪቱን ሣጥኑ ውስጥ ታንቀጠቅጠዋለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ድምፁ ከበሩ በኩል አይደለም። ከሥሬ ነው። ከወለሉ... ጋዙ ከተኛበት።

ሊሞት ያለ ሰው እንደሚለው ሸሃዳዬን ልል ሞከርኩ። ከንፈሬ ግን አልታዘዝ አለኝ። ሞት ፈራሁ፣ አልዋሻችሁም። ልጄ ዓፊያ አሁን ትምህርት ቤት ናት፤ ሲለቀቁ በር ላይ ቆማ ነው የምትጠብቀኝ። እሱን አሰብኩና አለቀስኩ።

"ልጅ አለችኝ... ተይኝ። ማንም ሁኚ፣ ተይኝ።"

በሹክሹክታ መለሰችልኝ፣

"እሺ... ሰው እስኪመጣ እጠብቃለሁ።"

"ምን?"

"ሁለት ስትሆኑ አበራለሁ።"

ያ ረቢ! እስካሁን በሩ እንዲከፈት ስጮህ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይመጣ ዱዓ ማድረግ ጀመርኩ።

ዱዓዬን ሳልጨርስ ከውጭ የነጠላ ጫማ ድምፅ መጣ። ጡብ... ጡብ...

"ፊርዱ? ቦርሳሽ እዚህ ነው፣ የት ገባሽ?"

ይቺኛዋ እውነተኛዋ ሙሚና ናት።

ከሥሬ ያለው ትንፋሽ ቆመ። የክብሪቱ ሣጥን ሲከፈት ሰማሁ።

ብጮህ ትከፍታለች። ዝም ብል ምናልባት ትሄዳለች። የሻሼን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ። እኔ ልቅር፣ እሷ ትትረፍ አልኩ።

"ማን ነው ደግሞ የቀረቀረው?" አለች ለራሷ።

ሻሹን ከአፌ መንጭቄ፣ "ሙሚና ሽሺ!" አልኩ።

ረፍዷል። በሩ ተከፈተ፣ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።

እንዴት እንደዘለልኩ አላውቅም። ሙሚናን አንገቷን አንቄ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ ቦዩ ውስጥ ይዣት ወደቅሁ። ጆሮዬን ደፍኜ ጠበቅሁ።

ምንም።

"አበድሽ እንዴ? ምን ሆነሽ ነው?" አለችኝ፣ አፈር ከፊቷ እየጠረገች።

"ዝም በይ... እይ።"

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ጥቁር ነው።

ጫር!

ከወለሉ ላይ አንዲት ትንሽ ነበልባል በራች። በዚያ ሁሉ ጋዝ መሃል። አልፈነዳም። የተያያዘ ነገርም የለም።

ሙሚና ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። እሷም አይታዋለች።

ነበልባሏ ከወለሉ ተነሳች። ደረጃውን በቀስታ ወጣች። ፀሐዩ ላይ ስትደርስ የያዛት እጅ አልነበረም። ሰው በመዳፉ ከነፋስ የከለላት ይመስል፣ ቅንጣት ሳትወላወል፣ መንገዱን አቋርጣ ወደ እኛ ትመጣ ነበር።