ከመዳፉ ሥር ያለው ካርታ

ሃምሳ አለቃ ይማም ከእንጦጦ ራጉኤል ቁልቁል ወዳለው ቤት ሲደርስ ትንፋሹ አልቆ ነበር። ጂፑን ካድሬው ኃይለ መስቀል ወስዶበት ዳገቱን በእግሩ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያገለግል ማዕረጉ ለሌላ፣ ዳገቱ ለእሱ ነበር።

ሟቹ ከበበ ፖከር ሲጫወትበት ባመሸው ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋ ነው። ሰዓት እላፊ ስላለ ቁማርተኞቹ እዚያው ያድራሉ። ሦስት ሆነው አምሽተው ንጋትን ያዩት ሁለት ናቸው።

«ነገሩ አልቋል» አለ ካድሬው። «የሞተው በመርዝ ነው፤ ሻዩን ያቀረበችው ይህች ሠራተኛ ናት። ጂፑ ሲመለስ ትጫናለች።»

ሠራተኛዋ ሳፊያ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። በዚያ ዘመን ተጭኖ የሄደ ስንቱ እንደተመለሰ ይማም ያውቃል።

«ማን አየ፣ ጓድ?»

«እኔ» አለ የእንጨት ነጋዴው ተክለጻድቅ። «ሦስተኛችን ዱጋሳ ካርታውን ጥሎ ከዙሩ ወጣና ሽንት ቤት ሄደ። ጠረጴዛው ላይ የመጨረሻው የጋራ ካርታ ሲገለጥ ከበበ ሻዩን ጠጣና ቆርኪውን ሁሉ ገፍቶ አስያዘ። እኔ ፈርቼ ጣልኩ። ሳቀ፤ ተደፋ።»

በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙት የቢራ ቆርኪ መሃል ላይ ተከምሯል።

«ካርታ ሳያይ በግድ ትልቁን መነሻ ያስያዘው ማን ነበር?»

«ከበበ፤ ተራው ነበር» አለ ሌላው ቁማርተኛ፣ ሾፌሩ ዱጋሳ። «እኔ ስጥል በየዙሩ ቀድሞ የሚያስይዘው ወይም የሚያልፈው እሱ ሆነ።»

«ማታ ምን አወራ?»

«'ልጄን ማን ጠቁሞ እንዳስወሰደው ደርሼበታለሁ፤ ሲነጋ እነግርሃለሁ' ብሎ ሹክ አለኝ። የከበበ ሹክሹክታ ደግሞ መገናኛ ድረስ ይሰማል።»

«አንቺስ፣ ልጄ?»

«ሻዩን ሳስገባ ጋሽ ከበበ አጎንብሰው ነበር፣ ጋሼ። ካርታቸውን የሚያዩ መስሎኝ አስቀምጬ ወጣሁ።»

ይማም የሟቹን የደረቀ መዳፍ በዝግታ አንስቶ ከሥሩ ሁለት ካርታ ገለጠ። ጦር ሰፈር ካተረፈለት ነገር ዋናው ካርታ ማወቅ ነው።

«ሁላችሁም ቅረቡ። ሰባትና ሦስት ይዟል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሰባት አለ፤ ከእሱ የሚበልጡ ንጉሥና አስ ደግሞ አሉ። ባዶ ቢይዝ ለማስፈራራት፣ ትልቅ ቢይዝ ለመብላት ይገፋ ነበር። በዚህ መካከለኛ ካርታ ግን? ቢገፋ የሚያንሰው ይጥላል፤ የሚበልጠው ብቻ ይቀበለዋል። ዱጋሳ፣ ከበበ እንዲህ ሲገጥመው ምን ያደርጋል?»

«ጠረጴዛውን መታ አድርጎ ያልፋል። 'በግድ የገባሁበትን በፈቃዴ አላባብሰውም' ይላል።»

«እንግዲህ ቆርኪውን የገፋው የከበበን ካርታ ያላየ ሰው ነው። ካርታው ሬሳው መዳፍ ሥር ነበር። ሳፊያ አጎንብሶ ያየችው ሞቶ ነው። ከሻዩ በፊት የሞተን ሰው ሻይ አልገደለውም። ተክለጻድቅ፣ ሻዩን ደፍተህ ቆርኪውን የገፋህለት አንተ ነህ።»

«የቁማርተኛ ተረት!» አለ ተክለጻድቅ።

«ከሻዩ በፊት ምን ጠጣ?»

«አረቄ» አለ ዱጋሳ። «ተክለጻድቅ ከኪሱ አውጥቶ ቀዳለት። እኔ አልጠጣም።»

«አውጣውና አንድ ጉንጭ ቅመስልን።»

ተክለጻድቅ ጠርሙሱን አወጣ፤ ከፈተ፤ አፉ ጋ ሳያደርስ እጁ ቆመ። «ልጁን የጠቆምኩት ለራሴ ፈርቼ ነው» አለ።

ጂፑ መጣ። ካድሬው ተክለጻድቅን እየገፋ፣ «ሪፖርቱን እኔ እጽፈዋለሁ። ያንተን ጽሑፍ ማን ያነባል?» አለው ይማምን። ይማም ለመናደድ እንኳ ደክሞት ነበር።

«ጋሼ፣ እኔስ?»

«ሂጂ። ካድሬው ሐሳቡን ሳይቀይር ሂጂ።»

ሳፊያ ነጠላዋን ሳታነሳ በባሕር ዛፉ መሃል ቁልቁል ሮጠች። ጂፑ ላይ ለእሷ የታሰበው ቦታ ተይዟል። ለይማም ግን አሁንም ቦታ አልነበረም። በእግሩ ወረደ።