የሐሙሱ ሪፖርት

ይህን ያየሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሰው ነገረኝ አልልም፣ ሕልም ነው አልልም። የማያምን አይመን፤ ለመከራከር አቅሙ የለኝም። ደክሞኛል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። የ1999 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ሌሊት አልነበረም። ጉም ብቻ ነበር...

ቦታው ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ሲወረድ፣ ከሊማሊሞ ጠመዝማዛ በታች ያለች አንዲት መንደር ናት። ወይራ ምንጭ እላታለሁ። እውነተኛ ስሟን አልጽፍም። የሠራሁበትም መሥሪያ ቤት ስሙ ይቅር።

ዘመነ እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት የጤና ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ ምንጭ... ሰው የሚበላበትንና የሚጠጣበትን ሁሉ አይቼ፣ ፎርም ሞልቼ መፈረም ነበር ሥራዬ። ባለ ምግብ ቤቶቹ ስመጣ ፈገግ ይላሉ፣ ስወጣ ይረግሙኛል። ለምጄው ነበር።

ፎርሙ ሦስት ቅጠል ነው። በየመሃሉ ካርቦን ይገባል። ነጩን ለባለቤቱ ትሰጣለህ፣ ሮዙን ለመሥሪያ ቤት ታስገባለህ፣ ቢጫው ጥራዙ ላይ ይቀራል።

ይህን ያዙልኝ። ኋላ ያስፈልጋል።

በዚያ ክረምት አተት ገባ። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ጠዋት ደህና ነው ያልከው ሰው ማታ ይቀበራል። በየሳምንቱ ምንጮቹን በክሎሪን ማከም፣ የታመመና የሞተ መቁጠር፣ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሪፖርት ማስገባት ግዴታ ሆነ።

የእኔ ድርሻ አሥራ አራት ምንጭ ነበር። ያለኝ ደግሞ ሁለት የታመሙ ጉልበቶችና ተበላሽታ የቆመች አንዲት ሞተር ሳይክል።

አሥራ ሦስቱን በእግሬ አዳረስኩ። ወይራ ምንጭ ግን ከመኪና መንገድ ቁልቁል አንድ ሰዓት፣ ሽቅብ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል።

የመጀመሪያውን ሐሙስ "በሚቀጥለው እወርዳለሁ" ብዬ፣ ቢሮ ቁጭ ብዬ ሞላሁት።

የታመመ፦ 0። የሞተ፦ 0። ምንጩ ታክሟል፣ ውሃው ንጹሕ ነው።

ፈረምኩ። ሪፖርት የምትሰበስበው ልጅ፣ ሲሲ፣ ሮዙን ወሰደች። ለወይራ ምንጭ ሰዎች መድረስ የነበረበትን ነጩን ቤቴ ወስጄ ከሰል አቀጣጠልኩበት።

የሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ ሆነ። የሚቀጥለውም...

በመሃሉ ሁለት ሳምንት ጎንደር ለስልጠና ተላክሁ። ከመሄዴ በፊት የሁለቱንም ሳምንት ሞልቼ ለሲሲ ሰጠኋት። ገና ላልመጣ ሐሙስ "የሞተ የለም" ብዬ ፈረምኩ። አሁን ስጽፈው ያሳፍረኛል። ያኔ ግን አላሳፈረኝም፤ ሁላችንም አልፎ አልፎ የምናደርገው ነገር ነበር።

ስድስት ሐሙስ... ስድስት ነጭ ወረቀት አቃጠልኩ።

በሰባተኛው ሐሙስ ጠዋት ሲሲ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

"ጋሼ ዘመነ፣ ነገ ከላይ ቡድን ይመጣል አሉ። ምንጮቹን ሊያዩ ነው።"

"የትኞቹን?"

"መጀመሪያ የጠሩት ወይራ ምንጭን ነው።"

መጋለጡን ፈርቼዋለሁ፤ አልዋሽም። ግን ከዚያ የባሰ ነገር መጣብኝ። እዚያ ሰው ታሞ ከሆነስ? ሞቶ ከሆነስ? ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን እንዲህ ብዬ አልጠየቅሁም ነበር።

ክሎሪኑንና ጥራዙን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ መኪና ፍለጋ ወጣሁ። ስድስት ሰዓት አካባቢ አንድ አይሱዙ አገኘሁ። ሾፌሩ መታጠፊያው ላይ አወረደኝ።

ቁልቁለቱ መጀመሪያ ላይ የእግር መንገዱ በእሾህ ተዘግቷል። ለከብት ያጠሩት መሰለኝ። ተሻግሬው ወረድኩ።

ጉሙ ከፊቴ አሥር እርምጃ ብቻ ያሳየኛል። ጉልበቴ በየእርምጃው ይጮኻል። በግራም በቀኝም ማሽላ ነው። ማሽላው ግን አልታረመም፤ አረም ውጦታል። ነሐሴ መጨረሻ ደርሶ ማሳውን ያላረመ ገበሬ በሕይወቴ አላየሁም።

ወደ መንደሩ ስቀርብ ውሻ አልጮኸም።

ከአንድም ጣሪያ ጭስ አይወጣም።

ከዚያ ሰዎቹን አየኋቸው።

ሰው አለ! "ተመስገን!" አልኩ ጮክ ብዬ። በየደጃቸው ተቀምጠዋል። ወንዶች፣ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች። እያንዳንዳቸው በእጃቸው ጣሳ ይዘዋል። ዝም ብለው ያዩኛል።

ማንም አላሳለም። ማንም ዝንብ አላባረረም። ዝንብም አልነበረም።

ከምንጩ አጠገብ ካለው ቤት አንዲት አሮጊት ወጡ።

"መጣህ ልጄ? ዛሬስ ከላይ መጣህ?"

"ያውቁኛል እማማ?"

"እንዴት አላውቅህ? ሐሙስ ሐሙስ ከታች ከገደሉ ትመጣ የለ? ውሃ የማቀርብልህ እኔ የሺወርቅ አይደለሁ?"

ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባቸው ነው ብዬ ተውኩት። ሰላም ለማለት እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው። ስለቀው... ጣቶቼ የያዙት ቦታ ላይ ቆዳው እንደተነሣ ቀረ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአተት ውሃው ያለቀበትን በሽተኛ የምንለየው እንዲህ ነው። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርገን እንለቀዋለን። ደህና ከሆነ ቆዳው ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል። ካልተመለሰ ሰውየው እየሄደ ነው።

የእሳቸው አልተመለሰም።

"እርጅና ነው" አልኩ ለራሴ። ዓይናቸው ጎድጉዷል፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። እርጅና ነው። የጎልማሶቹም ዓይን እንደዚያው መጎድጎዱን አየሁ፤ አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

"እማማ፣ እዚህ የታመመ ሰው አለ?"

"የለም።"

"የሞተስ?"

"የለም ልጄ። አንተ የለም እያልክ ማን ይሞታል?"

ማንም አልሞተም! በእኔ ስንፍና ማንም አልሞተም! በሩ ላይ ያለው መደብ ላይ ቁጭ አልኩና ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ሳላለቅስ አልቀረሁም።

እማማ የሺወርቅ ጣሳ አቀረቡልኝ።

"ጠጣ።"

"አይ፣ ይቅርብኝ እማማ..."

"አንተ ንጹሕ ነው ያልከው ውሃ አይደለም?"

ሁሉም ያዩኛል። ንጹሕ ነው ብሎ የፈረመ ሰው እንዴት አልጠጣም ይላል? ጠጣሁ። ውሃው አመድ አመድ ይላል።

ጣሳውን ስመልስ ነው ግድግዳውን ያየሁት።

ምስማር ላይ ነጭ ወረቀቶች ተሰክተዋል። ቆጠርኳቸው። ስድስት ናቸው።

የእኔ ጽሑፍ... የእኔ ፊርማ።

የሁሉም ጠርዝ ተቃጥሏል።

"እነዚህን... ማን አመጣቸው?"

"አንተ ነህ እንጂ፤ ሌላ ማን ያመጣቸዋል?"

ከኋላዬ አንድ ሰው በሹክሹክታ "የዛሬውን ጻፍልን" አለ።

ዞር አልኩ። ሰዎቹ ሁሉ ደጁ ላይ ቆመዋል። ሲራመዱ አልሰማሁም።

"ምን... ምን ልጻፍ?"

"የለመድከውን" አሉ እማማ የሺወርቅ።

"የታመመ የለም" አለ አንዱ።

"የሞተ የለም" አሉ ሌሎቹ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ ላይ፣ ቅዳሴ ላይ እንደሚቀበል ሕዝብ።

ጥራዙን አወጣሁ። ጻፍኩ። የታመመ፦ 0። የሞተ፦ 0። ነጩን ቀደድኩና ሰጠኋቸው። ተቀብለው ምስማሩ ላይ ሰኩት።

ሰባት ሆነ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ያንን ዳገት በእነዚያ ጉልበቶች ሳላርፍ ወጣሁት። ይዤ የወረድኩትን ክሎሪን ምንጩ ውስጥ መጨመሩ ትዝም አላለኝ።

እሾሁ ጋ ስደርስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ጠበቀኝ። ደምለው የሚባል የቀበሌው ሚሊሻ ነው።

"ቁም! በየት ነው የገባኸው?"

"ከጤና ነኝ። ወይራ ምንጭ ነበርኩ።"

"እዚያ ምን ትሠራለህ?"

"ሰዎቹን... ሰዎቹን ለማየት ሄጄ።"

ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ።

"የትኞቹን ሰዎች?"

በእጄ ቁልቁል ወደ መንደሩ አመለከትኩ።

"ወንድሜ፣ ወይራ ምንጭ ሰው የለም። ሠላሳ ስምንት ሰው ነው የቀበርነው። የተረፈው አዲ አርቃይ ዘመድ ጋ ወርዷል። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ በመጨረሻ እማማ የሺወርቅን ቀበርናቸው። ካህናቱ በሽታውን ፈርተው አልወረዱም። ሁሉም ያለ ፍትሐት ነው የተቀበሩት። ይህንን እሾህ ያጠርኩት እኔ ነኝ።"

"ለምን... ለምን አላመለከታችሁም?"

ሳቀ። እንዲህ ያለ ሳቅ ዳግመኛ አልስማ።

"ሐምሌ መጨረሻ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ላክን። የላክነው ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። የባለሙያው ሪፖርት ደህና ናቸው ይላል፣ መድኃኒቱ የታመመ ሰው ላለበት ቀበሌ ነው ተባለ።"

ሐምሌ መጨረሻ እኔ ጎንደር ስልጠና ላይ ነበርኩ። ያ ባለሙያ ግን ወይራ ምንጭ ወርዷል፤ በወረቀት።

"ያንን ባለሙያ ታውቀዋለህ?" አለኝ ደምለው።

"አላውቀውም" አልኩ።

በማግሥቱ ቡድኑ መጣ። እሾሁ ድረስ ደርሰው፣ ጉሙን አይተው ተመለሱ። ሲሲ የሰባተኛውን ሐሙስ ሮዝ ወረቀት ከእጄ ተቀብላ ፋይሉ ውስጥ ከተተችው። ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር። እነዚያን ሰዎች በሽታው ብቻ አልገደላቸውም፤ መድኃኒቱን ከመንገድ የመለሰው የእኔ ዜሮ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ውሃ ይጠማኛል። ብጠጣ ብጠጣ አይቆርጥልኝም። ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፤ ስኳር የለብህም፣ ምንም የለብህም አሉኝ። በሌላው ቀን ደህና ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርኩ።

አሁን 2010 ዓ.ም. ነው። በዚህ ወር ጡረታ ወጣሁ። ጠረጴዛዬን ሳጸዳ ከመሳቢያው ሥር የዚያ ክረምት ጥራዝ ተገኘ። ያልተጻፈበት አንድ ፎርም ቀርቶታል። ሦስቱም ቅጠል ከነካርቦኑ።

ወደ ቤት ይዤው መጣሁ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ይህን የምጽፍላችሁ ከዚያው ፎርም አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በፊት መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። እውነቱን ሞላሁት።

መንደር፦ ወይራ ምንጭ። የሞተ፦ 38። ምክንያት፦ ተቆጣጣሪው አልሄደም።

ፈረምኩ። አልቅሼ ፈረምኩ። አሥራ አንድ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ የወረደ መሰለኝ። ነገ ሮዙን ይዤ ቢሮ እሄዳለሁ፣ ያሻቸውን ያድርጉኝ አልኩ።

ከዚያ ነጩን ገለጥኩና ሮዙን አየሁት።

የሞተ፦ 39።

ነጩን መልሼ አየሁ። 38 ነው። በእጄ የጻፍኩት ነው።

ቢጫውን ገለጥኩ...

39።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ይላል። ጆጉን ባዶ አድርጌዋለሁ፤ አሁንም ጠምቶኛል። አፌ ውስጥ አመድ አመድ ይላል።

የግራ እጄን ጀርባ ቆንጠጥ አድርጌ ለቀቅሁት።

እየጠበቅሁ ነው...

ቆዳው እንደተነሣ ነው።