አቢግያ የለችም

ስሜን የሚወድ ሰው እንዳለ ያወቅሁት በባንክ ምክንያት ነው። ባንኩ ይህን አያውቅም፤ እሱማ አባርሮኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት፣ የእናቴን ጫማ አድርጌ፣ ፀጉሬን ተተኩሼ፣ ናይሮቢ መሃል ከተማ አካውንት ልከፍት ገባሁ። ላቪንግተን ሰፈር ያለ ኬክ ቤት ሥራ አግኝቻለሁ። ክሬም መቀባት እችላለሁ፤ ከሰባተኛ ክፍል ማቋረጤን ደግሞ ኬኩ አይጠይቀኝም። የኬክ ቤቱ ባለቤት ግን ደሞዝ በእጅ አትሰጥም። «እስከ ዓርብ የአካውንት ቁጥር ካላመጣሽ ከኋላሽ የተሰለፈችውን አስገባለሁ» ብላኛለች።

የባንኩ ሰውዬ ኮምፒውተሩን አየ። እኔን አየ። ደግሞ ኮምፒውተሩን አየ።

«ፖሌ፣ ዳዳ» አለኝ። አይዞሽ እህቴ ማለቱ ነው፤ እንዲህ ከተባልሽ ነገሩ አልቋል። «የብድር ሪፖርትሽ ላይ ብድር ወስዳ አልከፈለችም ይላል። አካውንት ልንከፍትልሽ አንችልም።»

«እኔ? እኔ እኮ ከሰው ማስቲካ እንኳን ተበድሬ አላውቅም!»

ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። ስሜ አለ፣ የመታወቂያ ቁጥሬ አለ፤ ከሥሩ የማላውቀው ስልክ ቁጥር።

እዚያው ቆሜ ገባኝ። አባቴ የሞያሌ ኬንያዊ ስለነበር አሥራ ስምንት ሲሞላኝ መታወቂያ ወጣልኝ። ከዚያ ወዲህ የሐበሻ ቤተክርስቲያናችን ከሚመጣው ሰው የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሁሉ ሲም ካርድ የሚያወጣው በኔ ስም ነው። ከቅዳሴ በኋላ «አቢዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ መታወቂያሽን» ስባል ኩራቴ! ትንሽዬ ኤምባሲ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። የማን ቁጥር የቱ እንደሆነ ግን የት ጽፌው። እዚህ አገር ደግሞ ብድር በስልክ ይወሰዳል፤ ዕዳው የሚጻፈው ሲሙ በወጣበት ስም ነው።

«ወይ ዕዳውን ትከፍያለሽ» አለ ሰውዬው፣ «ወይ ስልክ ቢሮ ሄደሽ ይህን መስመር የምትጠቀሚው አንቺ እንዳልሆንሽ ፈርመሽ ታዘጊዋለሽ። ደብዳቤውን ካመጣሽልኝ እሞክራለሁ።»

ዕዳው በወለድ አብጦ የሦስት ወር ደሞዜን አክሏል። ያውም ገና ያላየሁትን ደሞዝ።

ከባንኩ ደጃፍ ላይ ቁጥሩን ደወልኩ። ስድቡን በልቤ ደርድሬ ጨርሻለሁ።

«ሀሎ፣ ቁርስ ቤት» አለ አንድ ወንድ። ከሕልም ቀስ ብሎ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ አለው።

«አንተ ሌባ!»

«ማን ልበል?»

«አቢግያ!»

ከጀርባው ዘይት ሲንጣጣ፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ጡሩምባውን ሲነፋ ይሰማኛል።

«አቢግያ...» አለ በመጨረሻ፣ ስሜን በሁለት እጁ እንደያዘው ሁሉ። «አለሽ እንዴ?»

«የት እሄዳለሁ?»

«ስምንት ወር ሙሉ እኮ የለችም እያልኩ ነው።»

ኪሩቤል ይባላል። እትዬ እታገኘሁ፣ የቤተክርስቲያናችን ሰው፣ የአውስትራሊያ ቪዛዋ ሲመጣ ካሳራኒ ሰፈር ያለችውን ቁርስ ቤት ከነምድጃው፣ ከነአራት ወንበሩ፣ ከነስልኩ ለሱ ትታለት ሄደች። በስልኩ መበደሯን አልነገረችውም። ያኔ ልጇ ታሞባት እንደነበር ግን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ልሰድባት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ብድር ሰብሳቢዎቹ ማክሰኞ ማክሰኞ እየደወሉ አቢግያ አለች ወይ ይሉታል። እሱም ማን እንደሆነች ሳያውቅ «አቢግያ የለችም» ይላቸዋል።

«ለምን ተሳስታችኋል፣ አትደውሉ አላልካቸውም?»

«ካልደወሉ ስምሽን ማን ይጠራዋል?»

የደረደርኩት ስድብ የት እንደገባ እንጃ።

«መጀመሪያ ላይ ወፍራም፣ ጠበኛ ማማ ትመስይኝ ነበር» አለ።

«ጠበኛስ ነኝ።»

«ሰማሁ።»

ሮብ ዕለት ወደ ካሳራኒ ሄድኩ። ስለ መስመሩ ለመነጋገር ነው ብዬ ለእናቴ ነገርኳት፤ ሊፕስቲኩን ግን አላስረዳኋትም። ኪሩቤል ቀጭን ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ በእሳት ተጠብሷል፤ ሲያየኝ የያዘውን ጭልፋ የት እንደሚያኖረው ጠፋው። ፉል ሰጠኝ። ጨው ረስቷል። ጣፋጭ ነው አልኩት።

ስልኩ በየደቂቃው ይጮኻል፤ ሾፌሩ፣ ዘበኛው፣ ፎቅ ላይ ያለችው አስተማሪ፣ ሁሉም ቁርስ የሚያዘው በዚያ ቁጥር ነው። በሩም ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። እኔ አንድ ፊርማ ብፈርም ያ ሁሉ ጸጥ ይላል።

«አልዘጋውም» አልኩት። «ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።»

«ዝጊው።»

«ደንበኞችህስ?»

«የራበው እግር አለው፤ ይመጣል።» ቀና ብሎ አየኝና ወዲያው ዓይኑን ወደ ምድጃው መለሰ። «አሁን የራሴ ወረቀት ወጥቶልኛል፤ ቅዳሜ በስሜ አዲስ መስመር አወጣለሁ። አንቺ ግን ስምሽ አንድ ነው። ስምንት ወር እንደ ሌባ ሲጠሩት ሰምቻለሁ። ይበቃል።»

ደጁ ያለው ቲካ ሮድ ላይ ያ ሁሉ መኪና እያለፈ፣ ለኔ የሚሰማኝ የሻዩ መንተክተክ ብቻ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስልክ ቢሮ ተሰልፌ ደወልኩለት። ተራዬ እስኪደርስ አወራን፤ ስለ ምንም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጨው። መስኮቱ ጋ ስደርስ ሠራተኛዋ ልጅ ወረቀት ገፋችልኝ፣ ፈረምኩ።

«ልትዘጋው ነው» አልኩት።

«እሺ።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «አቢግያ፣ እኔ እኮ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ—»

ልጅቷ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫነችው። መስመሩ ሞተ።

«ዳዳ፣ ጨርሰናል» አለችኝ።

ምኑን ጨረስነው! ደብዳቤውን ይዤ ወደ ባንክ ሮጥኩ። ሰውዬው አነበበው፣ ራሱን አከከ። «አለቃዬ ይወስናል። ከተከፈተልሽ እስከ ስምንት ሰዓት እደውልልሻለሁ። ካልደወልኩ ግን አልሆነም ማለት ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ቁጭ ብሎ ይጸልያል። እኔ የካሳራኒ ማታቱ ያዝኩ። ስለ ሥራው ማሰብ ነበረብኝ፤ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ግን የማስበው ያቺን የተቆረጠች ቃል ነበር። ከተማው እንደ ጉም በጎኔ አለፈ፤ መውረጃዬን ልስተው ትንሽ ቀረኝ።

ቁርስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። የሞተው ስልክ በጨርቅ ተወልውሎ፣ መደርደሪያው ላይ ከስኳሩ አጠገብ ተቀምጧል።

«ጨርሰው» አልኩት፣ በሩ ላይ እንደቆምኩ።

«ምኑን?»

«የጀመርከውን። ከመሃል ከተማ ከፍዬ ነው የመጣሁት፤ ግማሽ ነገር ይዤ አልመለስም።»

ጆሮው ድረስ ቀላ። ሲያፍር ምግብ ይሰጣል መሰለኝ፣ ጨጨብሳ በማር አቀረበልኝ። ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ሆኗል። እጄ በማር ተለውሶ፣ እሱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ካየሁት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም።

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ...» አለ።

ስልኬ ጮኸ። ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ሳህኑ ይሄዳል። የባንኩ ቁጥር ነው።

«እጄ! አንሳልኝ፣ አንሳልኝ!»

አነሳው። ከወዲያ በኩል የሰውዬው ድምፅ እስከኔ ድረስ ተሰማ፤ አቢግያ አለች ወይ ይላል፣ ልክ እንደ ማክሰኞዎቹ ሁሉ። የኪሩቤል ከንፈር የለመደውን ሊመልስ ተከፈተ። ከዚያ ተገታ። አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ፤ ማሩ ከጣቴ እስኪንጠባጠብ።

«አለች» አለ። «አቢግያ አለች። እኔ ጋ ነች።»