የሟቿ ትከሻ

ልጅቷ የሞተችው ከወንድሟ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለች ክፍል፣ በራሷ አልጋ ላይ ነው። የወንድሟ ሚስት ጠዋት ሻይ ይዛላት ስትገባ ሰውነቷ ቀዝቅዞ አገኘቻት። ወንድምየው እንባውን እንኳ ሳይጠርግ ለፖሊስ ደወለና «እህቴን መርዘው ገደሉብኝ፤ ገዳይዋንም አውቀዋለሁ» አለ።

የመጣችው መርማሪ «ማበጠሪያ» ትባላለች። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የእሷን ግን ያወጡላት ባልደረቦቿ ናቸው። እጇ የገባ ጉዳይ ቅማሉ ከነቅጫሙ ይወጣል ይሏታል። ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። የሟቿ ፊት ነጥቷል፣ ከንፈሯ ደም የለውም፤ ሆዷ ግን ተነፍቶ ጠጥሯል። ቀኝ ትከሻዋ የቅባት ሽታ አለው።

«ትከሻዋን ማን ነው ያሸው?»

«እኔ ነኝ» አለች የወንድም ሚስት። «ማታ ወጋኝ ስትል፣ አጎንብሳ ስትሰፋ ስለምትውል ነው ብዬ አሸሁላት።»

«ሌላስ ምን አለችሽ?»

«ምንም። ትናንት ከክሊኒክ ከተመለሰች ወዲህ እኔንም ወንድሟንም አላናገረችንም። መንገድ ላይም አንድ ቃል አልተነፈሰችም ብሎኛል። ስንጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ትከሻዬን ያለችውም ሲብስባት ነው።»

ወንድምየው አንድ ፍሬ የጎደለው የእንክብል እሽግ አቀበላት። «ትራሷ ሥር ያገኘሁት ነው። ጨርቅ ቆራጬ ነው የሰጣት፣ ራሱም አምኗል። እጄን ቀመሰና ጣቢያ ነው ያለው። እንዲሰቀል ነው የምፈልገው!»

«ክሊኒክ ማን ወሰዳት?»

«እኔ። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። ያ ሐኪም ተብዬ ደግሞ ሆዷን በእጁ እንኳ ሳይነካ የጨጓራ መድኃኒት ጽፎ ሰደደን። እሱንም ክሰሱልኝ!»

ማበጠሪያ የእሽጉን ጽሑፍ አነበበችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቆራጩ ጣቢያ ውስጥ አንድ ዓይኑ አብጦ ተቀምጧል።

«ምንድን ነው የሰጠሃት?»

«ፎሊክ አሲድ ነው። ፋርማሲ ገብቼ ለነፍሰ ጡር የሚሆን ስጡኝ ብዬ ነው የገዛሁት።»

«ነፍሰ ጡር መሆኗን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሷ ብቻ። ወሩ ሲያልፍባት ቤት ውስጥ በመመርመሪያ አየችው። ልንጋባ ነበር፤ ‹ለወንድሜ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፣ ቆይ› ትለኛለች። ሆዴን በአንድ በኩል ይወጋኛል ስትለኝ ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት። ሰው ያየናል አለች። እኔም እሺ አልኩ።» አንገቱን ደፋ። «ለምን እሺ አልኩ?»

ማበጠሪያ ይሉኝታ ስንቱን ሰው ከሐኪም ቤት እንዳስቀረ ታውቃለች፤ የራሷን እናት ጨምሮ።

ከሰዓት በኋላ አስከሬን የመረመረው ሐኪም ደወለላት። «የመርዝ ምልክት የለም። ፅንሱ ያደገው ማህፀኗ ውስጥ ሳይሆን ወደ ማህፀን በሚያደርሰው ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ፈንድቶ ሆዷ በደም ተሞልቷል። ደሙ ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል።»

«ትናንት ታውቆላት ቢሆን ኖሮ?»

«የሽንት ምርመራና አልትራሳውንድ ቢታዘዝላት ይታወቅ ነበር። ቶሎ ኦፕራሲዮን ብትሆን የመትረፍ ዕድሏ ሰፊ ነበር።»

የክሊኒኩ ሐኪም ገና ወጣት ነው። ስታየው ከወንበሩ ተነሣ።

«ዶክተር፣ እርግዝና አልጠረጠሩም?»

«ሆዷን ያመማት ወጣት ሴት ስትመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ጠይቄያታለሁ። የለም ብላለች።»

«በራሷ አፍ?»

«በራሷ አፍ» አለና መነጽሩን አውልቆ ምንም ያልነካውን መስታወት ይጠርግ ጀመር።

በማግስቱ ጠዋት ቆራጩንና የክሊኒኩን ሐኪም ጨምሮ ሁሉንም ስፌት ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው ቆራጩን ሲያይ ዘሎ ሊያንቀው ነበር፤ ቆራጩን ከጣቢያ ያመጣው ፖሊስ መሐል ገባ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለች ማበጠሪያ። «ይህ እንክብል መርዝ አይደለም። ፅንሱ ጤነኛ እንዲሆን ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ነው። ልጁን የማይፈልግ ሰው አይገዛውም።»

«የምን ልጅ?» አለ ወንድምየው።

ሚስቱ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። «ጠዋት ጠዋት ሲያስመልሳት እሰማ ነበር። ቤቱ እንዳይበጠበጥ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ፅንሱ ከማህፀን ውጪ ነበር፤ የገደላት ሆዷ ውስጥ የፈሰሰው ደም ነው። ትከሻዋን የወጋትም እሱ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ማን መረዛት አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ለምን አልታወቀላትም ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ሐኪሙ ሆዷን አልነካም ብለውኛል። በር ላይ ሆነው እንዴት አዩ?»

«እሷ ናት የነገረችኝ!»

«ከክሊኒክ ከወጣች ጀምሮ፣ መንገድ ላይም ጭምር፣ አላናገረችዎትም ብላለች ባለቤትዎ።»

ሚስትየው መሬት መሬቱን አየች። ልታስተባብልለት እንኳ አልሞከረችም።

«ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ዶክተር፣ እርግዝና ይኖር እንደሆነ የጠየቋት በወንድሟ ፊት ነው። ቀድሞ የመለሰልዎ ማን ነው?»

ሐኪሙ ፊቱ ቀላ። «እሳቸው ናቸው። ጠረጴዛውን መቱና ‹የኔ እህት ባለጌ አይደለችም› አሉኝ። አስወጥቻቸው ብቻዋን ልጠይቃት ይገባ ነበር። የሽንት ምርመራውንም ማዘዝ ነበረብኝ። አፈርኩ... ቶሎ እንዲሄዱልኝ ብቻ ነው የፈለግኩት።»

ወንድምየው የእህቱ የስፌት መኪና ፊት ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ገዳይ አለ ብሎ የጮኸው እሱ ነው፤ ተገኝቶለታል። ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ወደ ማበጠሪያ ዘረጋ።

«እሰሩኝ።»

«እርስዎን የማስርበት ክስ የለኝም።»

«እባክሽ እሰሪኝ! እዚህ ቤት እንዴት ብዬ አድራለሁ?»

ማበጠሪያ ብዙ ነፍሰ ገዳይ ይዛለች፤ ሰው ለመታሰር ሲለምናት ግን ያፈረችው እሷ ናት።

«እሷስ?» አለ ቆራጩ ቀስ ብሎ። «እርስዎ እንዲያ ሲሉ እሷ ምን አለች?»



«ዞራ አየችኝ» አለ ወንድምየው። «ከዚያ ለሐኪሙ ‹ወንድሜ እንዳለው ነው› አለችው።» እጆቹ እንደተዘረጉ ናቸው። «ኮራሁ። መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነው ይዣት የመጣሁት።»