ስድስት ቀን ያለው ሳምንት

ወንድምአገኘሁ ሐሙስ ጠዋት በሰይድ ጂም አግዳሚ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። የብረቱ ዘንግ አንገቱ ላይ አርፏል። ኢንስፔክተር ገበያነሽ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስትደርስ የጂሙ ባለቤት ሰይድ በካቴና ታስሮ ቆሟል።

«ወላሂ አልነካሁትም! ብረት ማንሣት በጀመረ በሁለት ዓመት ውስጥ በለጠኝ፤ ቀንቼበታለሁ፣ አልዋሽዎትም። ግን ጓደኛዬ ነው።»

«ቁልፉ የሚቀመጥበትን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ እሱ፣ ሚስቱ ሰርካዲስና የሩጫ ጓደኛው እንየው። ሌላ ሰው የለም።»

ክብደቶቹ ሲሚንቶ የተሞሉ የቀለም ጣሳዎች ናቸው። ሁለት ፖሊሶች ዘንጉን ሲያነሡት ወደ አንድ ወገን አዘመመ። ገበያነሽ ዞር ስትል ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ የመኪና ኩሽኔታ፣ ከባድ የብረት ቀለበት፣ ተንጠልጥሏል። ሰይድም አየው፤ ሊናገር አፉን ከፈተ።

«ዝም በል» አለችው።

ግድግዳው ላይ ባለው መስታወት ፍሬም ላይ ሟቹ በእርሳስ የጻፈው የሳምንት ፕሮግራም ተሰክቷል። ሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ብረት፤ ማክሰኞና ቅዳሜ ሩጫ ከሰርካዲስ ጋር፤ ዓርብ ዕረፍት። «ሰርካዲስ» ከሚለው ስር በላጲስ የጠፋ ስም ይታያል።

«የእናንተ ሳምንት ስድስት ቀን ነው እንዴ?» አለች።

ሰርካዲስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። ድምፅዋ አልተሰበረም።

«ብረቱም ዳገቱም ያስቀኑኝ ነበር። ሁለት ቀን ስጠኝ አልኩት፤ ሰኞ ዕለት ጻፈው፤ ቅዳሜ ልንጀምር ነበር። ለእንየው ግን ‹እሑድ ራሴ እነግረዋለሁ› ብሎ ደበቀው።»

«ይህን ጂም ታውቂዋለሽ?»

«ሲሚንቶውን ያቦካሁት እኔ ነኝ።»

እንየው ቀጭን ነው፤ የሩጫ ጫማውን አላወለቀም።

«እዚህ ከገባሁ ወር አልፎኛል» አለ። «ማክሰኞ የሩጫችን ቀን ነው። መንገድ ላይ ጠብቄ ጠብቄ ቀረብኝ። አሥራ አንድ ዓመት የሐረጎን ዳገት አብረን ወጥተን፣ ቀኖቼን ለሚስቱ ሰጠ!»

ገበያነሽ ሦስቱንም አግዳሚው ዙሪያ ሰበሰበችና የሰይድን ካቴና አስፈታች። «እስቲ እያንዳንዳችሁ ዘንጉን አዘጋጁልኝ።»

ሰይድ ጣሳዎቹን ሰካ፤ እጁ ሳያስበው ኩሽኔታውን አንሥቶ በአንዱ ጫፍ ጨመረ። ሰርካዲስም እንዲሁ አደረገች። እንየው ጣሳዎቹን ብቻ ሰክቶ ዞር አለ።

«አንዱ ጣሳ ይቀላል» አለች ገበያነሽ። «ኩሽኔታው ማካካሻው ነው። ሟቹ ራሱ ጭኖት ቢሆን አይረሳውም፤ እነዚህ ሁለቱም አይረሱትም። ስለዚህ የጫነው ብረት የማይነካ ሰው ነው። እንየው፣ እሱ ባዶውን ዘንግ ይዞ ሰውነቱን ሲያሟሙቅ ከራስጌው ቆመህ ተጫንከው፤ አደጋ እንዲመስል ጣሳዎቹን ሰካህ።»

«ግምት ነው!»

«ቀኖችህን ለሚስቱ እንደሰጠ ማን ነገረህ? እሱ አልነገረህም። የተጻፈው እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ አንተ ደግሞ ወር አልገባሁም ብለሃል።»

እንየው ጫማውን ማየት ጀመረ። «ስሜን በላጲስ ነው ያጠፋው» አለ ቀስ ብሎ። «እንደ ስህተት።»

ገበያነሽ ወረቀቱን ከፍሬሙ ስባ አወጣችው። ከእንጨቱ ጀርባ ተሸፍኖ የነበረው የመጨረሻው መስመር ታየ፦ «እሑድ፣ ረጅም ሩጫ፣ ሐረጎ፣ ከእንየው ጋር።»

እንየው ሁለት ጊዜ አነበበው። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

ሰርካዲስ ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው።

«እሑድንም ጠይቄው ነበር» አለችው። «እሱን ቀን እምቢ አለኝ።»